ባዳው ሽቦ

ሹፌሩ ሌላ ጊዜ ተረበኛ ነው። ያን ቀን ግን የመኪናውን በሽታ ለኤሌክትሪሺያኑ ሲያስረዳ ፊቱ አልተፈታም።

«ከተማ ውስጥ ደህና ነው። ሚስቴ አጠገቤ ሆና ስታወራኝም ደህና ነው። ቀጥ ያለውን ረጅም መንገድ ብቻዬን ስይዝ፣ በተለይ ከምሳ በኋላ፣ የኤሲው ቅዝቃዜ ድንገት ይጠፋና ትኩስ ወላፈን ፊቴ ላይ ይለቀቅብኛል። ፋኑ ይጮኻል። ክው ነው የምለው! ባለፈው መኪናው አስፋልቱን ስቶ ገደል አፋፍ ደርሶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ቀና ብዬ ስነካካው ወዲያው ይስተካከላል። ምንም እንዳልተፈጠረ!»

ኤሌክትሪሺያኑ ፊውዙን አውጥቶ አየና መለሰው። ሪሌውን ቀየረ። ኮምፕረሰሩ ጋ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ለካ። ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን ሲከፍተው መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ቀዝቃዛ አየሯን ትነፋለች።

«አይጥ ይሆን ሽቦ የበላው?» አለ ሹፌሩ።

«ምን ዓይነት አይጥ ነው ያንተን ምሳ ሰዓት የሚጠብቀው?»

ዳሽቦርዱን ሲፈታ ግን ቀልዱ አለቀበት። ከማሞቂያው ጀርባ አንድ ቀጭን ሽቦ ተቀጥሏል።

«ይሄ ባዳ ነው። ከፋብሪካ አብሮ አልመጣም።»

ሽቦው በምንጣፉ ስር አልፎ የሹፌሩ ወንበር ውስጥ ይገባል። የወንበሩን ልብስ እየተረተሩ ተከተሉት። ራስ መደገፊያው ውስጥ ጠፍጣፋ ማብሪያ ተደብቋል። ኤሌክትሪሺያኑ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ፋኑ ጮኸ፤ ትኩስ አየር ገረፋቸው። ሲለቀው ቀዘቀዘ።

«ወንድሜ፣ ጠላት አለህ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በፍጥነት እየነዳህ ደገፍ ስትል አስደንግጦ ሊገለብጥህ ነው።»

ሹፌሩ ዓይኑ መጋጠሚያው ላይ ነበር። ሽቦው በፕላስተር አልተጠቀለለም፤ ሰም በተቀባ ክር ተጠምጥሞ ታስሯል። እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ያውቃል፤ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ኤሌክትሪክ የሠሩትን የሚስቱን አባት።

ከዚህ ቀደም መኪናው ተገልብጦ ሚስቱ እግሯ ሲሰበር፣ «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» ብሏቸው ነበር። ሽማግሌው «እሺ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ አላወሩትም። ቆየት ብለው ግን መኪናውን አንድ ቀን ተውሰውት፣ አጥበው መለሱለት። እሱም የዋሁ፣ ይቅር አሉኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

«ንቀለው» አለ። «ርዝራዡን እንኳ እንዳታስቀር!»

ሽቦው ተነቅሎ አልቆ ወንበሩ ሲሰፋለት ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ገብቶ ምሳውን በላ። ንዴት የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት ያን ቀን አወቀ። ሲወጣ ለሚስቱ ደወለ።

«አባትሽ ሊገድሉኝ ነበር! ወንበሬ ውስጥ የቀበሩትን ሽቦ አስነቅዬዋለሁ።»

«የት ነህ? እባክህ እንዳትነዳ! እዚያው ጠብቀኝ፣ እኔ መጥቼ አብሬህ እሄዳለሁ።»

እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው! አብራው እየበላች፣ አብራው እየተኛች። መልስ ሳይሰጣት ዘጋው። ረጅሙን መንገድ እንደያዘ ስልኩ ጮኸ። የሽማግሌው ቁጥር ነው። ተቋርጦ እንደገና ጮኸ። አሁንም እሳቸው ናቸው።

«ሲያምርዎ ይቅር!» አለና አጠፋው።

ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ መንገዱ ጭር ብሏል። መስኮቶቹን ዘግቶ ኤሲውን ከፈተ። ቅዝቃዜው ሳይቆራረጥ ፊቱን ዳበሰው። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ስጋት ደገፍ አለ።

ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቱ መደገፊያው ላይ ወደቀ፤ የሚቀሰቅሰው ግን አልነበረም።