ከኮኩ ሥር የተነሳው ዱካ

ጋሽ ኃይለማርያም ካዛንቺስ ባለው ግቢያቸው ስድስት እግር ኮክ አላቸው። እንደ ልጅ ነው የሚሳሱላቸው። ዘንድሮ ግን መብሰል ከጀመረ ወዲህ፣ ጠዋት ሲነሱ ቅርንጫፉ ተራቁቶ ያገኙታል።

ሌባው ኑሪ ነው ብለው ቆርጠዋል። ኑሪ ጎረቤታቸው ነው፤ ከሟች አባቱ ከዓብዱልሀሚድ በወረሳቸው ላሞች ወተት እየሸጠ ያድራል። ነፍሱን ይማረውና ዓብዱልሀሚድ ፍጉን ለኮኮቹ በነፃ ይሰጣቸው ነበር፤ እሳቸውም በየክረምቱ የመጀመሪያውን ዘንቢል በጠዋት በሩ ድረስ ያደርሱለት ነበር። ታዲያ ይሄ ልጅ ማንን ወጣ?

ጋሽ ኃይለማርያም ዘዴ ዘየዱ። የላም ፍግ ከኑሪ ጫማ ጠፍቶ ስለማያውቅ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከበግ ተራ በጆንያ የበግ በጠጥ አስመጥተው፣ በውሃ አርሰው ከዛፎቹ ሥር አለበሱት። ዛፉም ይጠግባል፣ ሌባውም ይያዛል።

ሚስታቸው እትዬ ትበርህ ነገሩ አልጣማቸውም። "በቃ ይተዉት፣ ለኮክ ተብሎ ከሰው አይጣሉ" እያሉ ለመኗቸው። እትዬ ትበርህም ሰሞኑን እንቅልፍ የላቸውም፤ ሳይነጋ ተነስተው ያገኙትን ሁሉ ሲያጥቡ ነው የሚገኙት። የባላቸው ነጠላ ጫማ እንኳ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሥር እርጥብ ሆኖ ይቆያቸዋል፤ ጋሽ ኃይለማርያም በዚህም ይበሳጫሉ።

በማግስቱ ዱካው ተገኘ። ከኮኩ ሥር ተነስቶ፣ በአጥሩ መሹለኪያ አልፎ፣ ኑሪ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋሽ ኃይለማርያም ደማቸው ፈላ። ሽማግሌ ሰብስበው፣ ካላመነ ቀበሌ ሄጄ ላሞቹን ከሰፈር አስወጣለሁ ብለው ማሉ። ላሞቹ ከሄዱ ኑሪ ልጆቹን የሚያበላው የለውም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ወልዱ፣ የኑሪን ቦቲ ገልብጠው አዩ። ከላም ፍግ በስተቀር ምንም የለበትም። ሊናገሩ ሲሉ ኑሪ እትዬ ትበርህን አየና ቀደማቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አለ።

እትዬ ትበርህ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። የጋሽ ኃይለማርያም አንጀት ግን ቅቤ ጠጣ። ድሮም አውቄዋለሁ ብለው ይቅርታ አደረጉለት። ሳይመሽ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ኑሪ ሌባ ተባለ። ጋሽ ኃይለማርያም ያን ዕለት በሰላም ተኙ።

ጎህ ሲቀድ፣ በነጠላ ጫማቸው ኑሪ በር ላይ ቆመው፣ ኮክ የሞላ ዘንቢል ታቅፈው፣ "ዓብዱልሀሚድ፣ ተነስ እንጂ፣ ኮክህን ይዤልህ መጣሁ" ይሉ ነበር።