ደጋግሞ የሚከፈት ፋይል

መንበረ በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ሲስተም ውስጥ ማን ምን ማየት እንደሚችል የምትቆጣጠር ባለሙያ ናት። በታካሚ ምስጢር ቀልድ አታውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳት። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ተካልኝ የአንድ ታካሚ ፋይል ይከፍታሉ፤ ምንም ሳይጽፉ ይዘጉታል፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ መልሰው ይከፍቱታል። እሷ የሚታያት የፋይሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ የታካሚ ስም ማየት አይፈቀድላትም።

“የሰው ገመና እየፈተሹ ይሆን?” ስትል ተብሰለሰለች። ተነሣች፣ ተቀመጠች። እንደ አባት የምታከብራቸውን ሰው መጠርጠር ከበዳት። በመጨረሻ ወደ ሲስተሙ መግቢያቸውን ዘጋችና እየተጣደፈች ወደ ላቦራቶሪው ወረደች።

ጋሽ ተካልኝ ኮምፒውተራቸው ፊት አቀርቅረው ተቀምጠዋል።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ መግቢያዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያንን ፋይል ለምንድን ነው እየተመላለሱ የሚከፍቱት?”

“ውጤት ልጽፍበት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።”

“እንዴት?”

“ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ምርመራውን ደጋግሜ ሠራሁት። ያው ነው፤ አልተለወጠም።”

“የማን ነው?”

ጋሽ ተካልኝ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡላት።

“ቁጭ በይ ልጄ” አሏት። “ባለፈው ሳምንት ለምርመራ የሰጠሽው ደም ነው።”