የስቅለት ወተት

ጾም ከተከለከለ ወዲህ ፍሪጃችን ረቡዕና ዓርብ ሁለት ብርጭቆ ወተት ከውስጡ ካልወጣ «እዚህ ቤት ጾመኛ አለ» ብሎ ያሳብቃል፤ ቤቱም ይታሸጋል። ወተቱን ብንደፋው የዕቃ ማጠቢያውም ያሳብቃል። ስለዚህ ሚስቴ የሺመቤት እንድትጾም ብዬ ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ፣ የድሮው ዲያቆን። ወተቱም ሰለቸኝ፤ ራሴንም ሰለቸሁት።

ዛሬ ስቅለት ነው። ጠዋት እጄን ስዘረጋ የሺመቤት ቀድማኝ ብርጭቆዎቹን አነሳች።

«ተይ እንጂ! አንቺ ጹሚልኝ ብዬሽ የለም?»

«ሰባት ዓመት ጾምኩልህ። ዛሬ ደግሞ አንተ ጹምልኝ።»

ዓይኗን ጨፍና ሁለቱንም ጨለጠች። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረፋዱ ላይ ሆዴ ጮኸ። እጄን ሆዴ ላይ ጭኜ፣ ዝም እንዳይልብኝ እግዜርን ለመንኩ።