ለልክ የቆመችው

ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉና ስሙኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ዓይኗ ቢደክምባት፣ ልጇ ዘመናዊ መነጽር ገዛችላት። መነጽሩ የሰውን ልክ በብርሃን መስመር ገላው ላይ ጽፎ ስለሚያሳያት፣ ሜትር መዘርጋቷን ተወች።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጇ የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ ከፊቷ ቆመች።

«አትቁነጥነጪብኝ አንቺ! ሠርጉ ሲቃረብ ከስተሽ ወገቡ ሰፋሽ እኮ» አለቻት እናት።

ልጅቷ ፈገግ አለች።

ከበስተኋላ በሩ ተከፈተ። «እማዬ፣ ይቅርታ፣ ታክሲ አጥቼ ነው የቆየሁት! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች ሙሽራዋ ልጇ፣ እያለከለከች።

እናት መነጽሩን አወለቀች። ከፊቷ የነበረችው ልጅ የለችም። ቀሚሱ ግን እንደቆመ ነው፤ ደረቱም ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።

እናንተም መነጽር ስታደርጉ ያቺን እናት አስቧት፣ አደራ።