የትራምፔቱ ዘፈን

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የጠረጠረችው በአንድ ዘፈን ነው።

ሌላ ሚስት በሽቶ ትጠረጥራለች፣ በስልክ ትጠረጥራለች። እሷን ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያብሰለስላት የኖረው ያ በትራምፔት የሚጀምር ፈጣን ዘፈን ነው። በሠርጋቸው ቀን አብረው ሲደንሱበት፣ ዘፈኑ መሃል ላይ የሙሽራው ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ በደስታ ነው ብላ ኮራች። እያደር ግን ነገሩ አላምር አላት። ትራምፔቱ በተነፋ ቁጥር፣ የማንም ሠርግ ይሁን የማንም ምርቃት፣ ባሏ ከወንበሩ ሹልክ ይላል። ዘፈኑ ሊጋመስ ሲል ይመለስና ያስነሳታል። መደነሱንስ ይደንሳል፤ ግን አረማመዱ የከበደ፣ ልቡን ሌላ ቦታ ጥሎ የመጣ ሰው ይመስላል።

«ያቺን ሴት አስታውሶ አልቅሶ መጣ» ትላለች በሆዷ። የትኛዋ ሴት እንደሆነች ብቻ አታውቅም።

ለሷ ደግሞ ያ ዘፈን ነፍሷ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ትውልና፣ ትራምፔቱን ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ሌላ ዓለም ትገባለች። ከበሮው ድው ሲል እሷም በእግሯ ድው ታደርጋለች። ሰዉ ሁሉ ዳር ዳር ይዞ ቦታውን ይለቅላታል። እንዲህ ያለች የተከበረች ደናሽ ይዞ ሌላ ማሰብ ምን ይሉታል?

ባሏ ከብረታ ብረት ፋብሪካው ቀደም ብሎ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስልሳ ሞላው። ልጃቸው «የአባዬን ልደት በዘፈን ነው የማከብረው» አለች። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የደነሰባቸውን እሱ ይመርጣል፣ እሷ በተራ ታጫውታለች። አባት ሶፋው ላይ ተደላድሎ መረጠ። ሴት ለመጋበዝ እግሩ ይንቀጠቀጥ የነበረበት ዘመን ቻቻ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን የጨረሰበት ዲስኮ፣ ልጁን በሕፃንነቷ ታቅፎ የዞረባት ቫልስ፣ ጉልበቱ መለገም ሲጀምር የወደዳቸው ለስላሳ ዘፈኖች። የትራምፔቱን ዘለለው።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አቆመች። «ያኛውስ?»

«የትኛው?»

«ታውቀዋለህ።»

«እሱ እንኳ ይቅር። ሰው ይሰለቸዋል።»

«ይሰለቸዋል?» አለችና ወደ ልጇ ዞረች። «ስሚ፣ የሠርጌ ዘፈን ካልተዘፈነ በዚህ ቤት ኬክ አይቆረስም።»

ባሏ ወደ ልጁ ጠጋ አለ። «እንግዲያው ግምጃ ቤቷንም ጥሪልኝ።»

ግምጃ ቤቷ የሚሏት የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነች። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ባል የሌላት። ዘፈኑ ሲገባ እሷም ትግባ ማለት ነው! ለልብስ ሰፊዋ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ግን እንዳላወቀች ሆነች። «ትምጣ፣ ምን ገዶኝ» አለች። እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

የልደቱ ለት ሳሎኑ ጢም አለ። ግምጃ ቤቷ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላ ስትገባ ባለልደቱ ሮጦ በር ላይ ተቀበላት። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ የምትወለውል መስላ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ያልኩሽን አመጣሽልኝ?»

«አምጥቻለሁ። ሚስትህ ካወቀች ግን እኔ የለሁበትም።»

«ካወቀችማ አለቀልኝ።»

ደሟ ፈላ። ብርጭቆው እጇ ላይ አለመሰበሩ ተአምር ነው።

ዘፈኖቹ ተከታተሉ። በቻቻው ባለልደቱ ወገቡን ሲያዞር እንግዳው በሳቅ ፈረሰ። በዲስኮው አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው እንደ ልጅነቱ ቁጢጥ ብሎ ሊነሳ ሲል አቃተውና፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብሎ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። አሳዘናት፤ ራሷን አሳዘናት። ሠላሳ ዓመት የዚህን ሰው ሸሚዝ ስትሰፋና ስትተኩስ ኖራ፣ በገዛ ሳሎኗ፣ በገዛ ዘፈኗ ልትዋረድ ነው። ቢሆንም ትወደዋለች፤ የሚያናድዳትም እሱ ነው።

ትራምፔቱ ተነፋ።

ባሏ ሹልክ አለ። ግምጃ ቤቷ ቦርሳዋን ብድግ አድርጋ ተከተለችው።

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ዘፈን ሳትደንስ ቀረች። ጎረቤቶቿ ቦታ ሊለቁላት ወደ ግድግዳው ሲጠጉ፣ እሷ በመሃላቸው አልፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ያመኛል!» ይላል የባሏ ድምፅ።

«ቻለው፣ ጊዜ የለንም» ትላለች ሴትየዋ።

«ወይ ውርደቴ!» አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ። በሩን ገፋ አደረገችው። ባሏ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ግምጃ ቤቷ ከፊቱ ተንበርክካለች።

«አጥብቀሽ እሰሪው» አለ ባሏ፣ አፍንጫው ብረት የሆነውን አዲሱን የፋብሪካ ጫማ ወለሉ ላይ ኳ እያደረገ፤ «ጡረታ ወጥቼ የድሮውን ባስረከብኩ ሰሞን፣ ሚስቴ በእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ስትደንስ ረግጣ የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር ነው የነቀለችው፤ ግን ይሄ ዘፈን ከሷ ጋር ሳልደንስበት አልቆ አያውቅም፣ ዛሬም አያልቅም።»