የብርቄ በርሜል

ጎረቤቷ ጋሽ ደምሰው እጅጌያቸውን ሰብስበው ግቢዋ ሲገቡ፣ ብርቄ በርሜሉ ፊት ተገተረች። የአትክልት ልጣጭና ትርፍራፊ በውሃ ዘፍዝፋ ለቆስጣዋ ፈሳሽ ማዳበሪያ እያብላላች ነበር።

«ሳምንት ሙሉ ሽታው እህል አላስበላን አለ! ዛሬ እደፋዋለሁ!»

«ጋሼ፣ ሁለት ቀን ብቻ ይታገሱኝ። ቆስጣዬ ቢጫ ሆኖ ሊያልቅብኝ ነው።»

«አፍንጫ የለሽም እንዴ?»

እሳቸው ክዳኑን መንጭቀው ጣሉት። ብርቄ በርሜሉን ልታቅፍ ስታጎነብስ ድንገት አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይገማል!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ ይገማል እኮ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እርጉዝ ሳለች ከያዛት በሽታ ወዲህ ምንም ሸቷት አያውቅም። ጋሽ ደምሰውን እዚያው ትታ ወደ ቤት ሮጠች፤ የስምንት ወር ልጇን ከተኛችበት አንስታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አናቷን አሸተተች።