ከአጥር ማዶ ያለው ሬዲዮ

ተስፋዓለም የመጨረሻዋን ሽቦ በመዳብ ጥቅሉ ላይ በይዶ እስክትቀዘቅዝ እፍ አለባት። ጥቅሉን የሠራው ራሱ ነው፤ ከፍሪጅ ጠጋኝ የገዛውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ጠርሙስ ላይ እየጠመጠመ። ከየዙሩ የወጡት ሽቦዎች ወደ አንድ ማዞሪያ ይሄዳሉ። ማዞሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር ጥቅሉ ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ ማታ ማታ ከሩቅ ሰዎች ጋር ለመነጋገር የሚጠቀምበት የሬዲዮ ማጉያም ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ይህን ሁሉ ሥራ ያመጣበት የጎረቤቱ የእማማ ወለተ ኪዳን ልጅ ዓለምነው ነው። ባለፈው ወር ሊጠይቃቸው መጥቶ ሳለ፣ "መምህር፣ ድምፅዎ በእናቴ ሬዲዮ ውስጥ እየገባ ነው" አለው በትሕትና። ተስፋዓለም አፈረ። ማጉያው ድምፁን ወደ አንቴናው የሚልክበት የድሮው መውጫ የተሠራው ለአንድ ሞገድ ብቻ ስለነበር፣ በሌላው ሲናገርበት ኃይሉ የትም ይረጭ ነበር። ስለዚህ ማጉያውን አጥፍቶ መውጫውን እንደ አዲስ ነደፈ፤ ለየሞገዱ የሚስማማውን ዙር አስልቶ፣ ከዚያ ውጭ የሚረጨውን ሁሉ እንዲያስቀር አድርጎ።

አሁን የማጉያው ቫልቮች፣ አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ ሞቀው ቀሉ። ማዞሪያውን አዞረና ሞገዱን የሚያስማማውን ካፓሲተር ቀስ እያለ አስተካከለ። የኃይል መለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጣ። በሚቀጥለው ሞገድም ወጣ፤ በሚቀጥለውም። ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ። ከድሬዳዋ ተዛውሮ ደብረ ማርቆስ ከገባ ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት መልስ "ና እይልኝ" የሚለው ሰው የለውም።

ማይክሮፎኑን አንስቶ በእንግሊዝኛ የሬዲዮ መጠሪያውን ደጋገመ። እንደ ልማዱ በመጨረሻ በአማርኛ፣ "የሚሰማኝ አለ?" አለ። ከማዶ የመጣለት ሽሽታ ብቻ ነው። እንደገና ጠራ። አሁንም ሽሽታ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እማማ ወለተ ኪዳን ነበሩ፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"አሁንም ገባብዎት እማማ?" አለ ደንግጦ።

"አልገባም። እሱኑ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ወሩን ሙሉ ዝም ስትል አሞት ይሆናል ብዬ ነበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመስኮትህ ስታወራ ሰማሁህ። ቤቴ ገብቼ ሬዲዮውን ብከፍተው ግን የለህም።"

"አስተካክዬው ነው። ልጅዎ ሲነግረኝ ጊዜ..."

"ዓለምነው ምን ያውቃል? እሱ ዜና ሊሰማ ፈልጎ ነው።" በእጃቸው የበሩን መቃን ተደገፉ። "የፈረንጅ አፉን አላውቀውም። መጨረሻ ላይ ግን የሚሰማኝ አለ ትላለህ። እኔም አለሁ እልህ ነበር። ማን አየኝ ብዬ፤ ብቻዬን አይደለሁ?"

ተስፋዓለም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

"ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ" አለ። ዞር ሲል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ መሆኑን ገና ያን ጊዜ አየ።